ልጁ ውኃ ይጠይቃል? የ1956ቱ የቤይጂንግ ወረርሽኝና የጥማት አለመኖር

በ1956 የሙቀት ወራት የቤይጂንግ ሆስፒታሎች በትኩሳት የሚነዱ ሕፃናትን ይቀበሉ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሽታው የጃፓን ኢንሴፋላይተስ ይባላል። ቫይረሱ የሚኖረው በአሳማዎችና በውኃ ዳር ወፎች ውስጥ ነው። ከእነሱ ወደ ሰው የምታደርሰው በሩዝ ማሳ የምትራባ ትንኝ ናት። ቫይረሱ ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ያልፋል። አንጎል ላይ ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከባድ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ይከተላል። እንዲህ ከጠናባቸው መካከል ከመቶ እስከ 30 የሚደርሱት ይሞታሉ። ከተረፉትም ብዙዎቹ የአካል፣ የንግግር ወይም የአእምሮ ጉዳት ይዘው ይቀራሉ።

ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ያኔ አልነበረም። ዛሬም የለም።

የቤይጂንግ ሐኪሞች ግን ተስፋ ያደረጉበት ነገር ነበራቸው። ከከተማዋ በደቡብ ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ግድም የምትርቀው ሺጂያጁዋንግ በ1954 እና በ1955 በዚሁ በሽታ ተመትታ ነበር። እዚያ ጉዎ ከሚንግ የሚባሉ የባህል ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሕሙማኑን በአንድ ጥንታዊ ማዘዣ አከሙ። ውጤቱ እጅግ ያማረ ነው ተባለ። የጤና ሚኒስቴር ሰው ልኮ አጣራ፤ አመነበት፤ ዘዴው እንዲስፋፋም ደገፈ። በ1955 መጨረሻ የቻይና ባህላዊ ሕክምና አካዳሚ ቤይጂንግ ላይ ሲከፈት የሺጂያጁዋንግ ቡድን ተሸለመ።

ስለዚህ ወረርሽኙ ቤይጂንግ ሲደርስ መልሱ በእጅ ያለ መሰለ። ያንኑ ማዘዣ መስጠት ነው። ተሰጠ። ብዙ ልጆች ላይ ግን ትኩሳቱ አልወርድ አለ። አንዳንዶቹም እንደባሰባቸው ይነገራል። ባለፈው ዓመት የተሸለመው መድኃኒት ዘንድሮ ምን ነካው?

ጉዳዩን ከመረመሩት መካከል ስማቸው ጎልቶ የቀረው ፑ ፉጆው ናቸው። በ1888 በሲቹዋን፣ ዚቶንግ በሚባል ቦታ፣ ከሐኪም ቤተሰብ ተወለዱ። ቤይጂንግ የገቡት ገና በ1955 ነበር፤ ለአዲሱ አካዳሚ ተጠርተው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል። መልሳቸው አጭር ነው። የምዕራቡ ሕክምና በሽታውን በአንድ ስም ይጠራዋል፤ ለእኛ ግን ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው አሉ። የሺጂያጁዋንጉ ደረቅ ሙቀት ነበር። ቤይጂንግ ላይ ግን ዝናቡ አላባራም፤ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ተቀላቅሏል። ማዘዣው ጥፋት የለበትም። የተሰጠው ላልተሠራለት ሕመም ነው።

ይህን ታሪክ የቻይና ሕክምና የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሲነገር ግን ወሬው ሁሉ ስለ ዝናቡ ነው። እኔን የሚስበኝ ሌላው ጎኑ ነው። ሐኪም ሰማይ አይቶ ብቻ ማዘዣ አይቀይርም። አልጋው ላይ በተኛው ልጅ ላይ እርጥበቱን የሚያይበት ምልክት ያስፈልገዋል። መጻሕፍቱ ከሚሰጡት ምልክቶች አንዱ ደግሞ በጣም ተራ የሆነ ነገር ነው፤ ልጁ ይጠማዋል ወይስ አይጠማውም?

ስምንተኛው ጥያቄ

በሽተኛ «አልጠማኝም» ሲል አብዛኞቻችን ጆሮ አንሰጠውም። አለመጠማት የሕመም ምልክት አይመስለንም። ለቻይና ሐኪም ግን አለመጠማት ራሱን የቻለ መረጃ ነው። ዣንግ ጂንግዩዌ የተባለው የሚንግ ዘመን ሐኪም (1563–1640) በሽተኛ የሚጠየቃቸውን 10 ነገሮች ለተማሪ እንዲመቹ በግጥም አስቀምጧቸዋል። ብርድና ትኩሳት፣ ላብ፣ ራስና ሰውነት፣ ሽንትና ሰገራ፣ ምግብ፣ ደረት፣ ጆሮ እያለ ይሄዳል። ስምንተኛው ጥማት ነው።

ጥያቄው ደግሞ «ጠማህ?» ተብሎ አያበቃም። ቀዝቃዛ ነው ትኩስ የሚያምርህ? ጠጥተህ ትረካለህ? አፍህ ደርቆ ሳለ መጠጣቱ ያስጠላሃል? ስትጠጣ ወዲያው ይመልስሃል? ወይስ አፍህን መጉመጥመጥ እንጂ መዋጥ አትፈልግም? እያንዳንዱ መልስ ወደ ሌላ መንገድ ይወስዳል። ቀዝቃዛ ውኃ በብዛት መፈለግ የሙቀት ምልክት ነው። ጠጥቶ ወዲያው ማስመለስ ውኃ በሰውነት ውስጥ መንገዱን መሳቱን ያሳያል። መጉመጥመጥ እንጂ አለመዋጥ የረጋ ደም አለ ለማለት ከሚጠቀሱት ምልክቶች አንዱ ነው።

አለመጠማትስ? እዚህ ላይ የጥንቱ ዣንግ ጆንግጂንግ መነሻ ነው። በሃን ሥርወ መንግሥት ማብቂያ፣ ከዛሬ 1800 ዓመት ገደማ በፊት፣ በብርድ ስለሚመጡ ሕመሞች የጻፈው መጽሐፍ ዛሬም ይጠናል። በእሱ አባባል ተቅማጥ ይዞት ውኃ የማይጠማው ሰው ውስጡ ብርድ ገብቷል፤ መሞቅ አለበት። የተቅማጥ ሰው እንዲጠማው ነው የሚጠበቀው። ካልጠማው እንዲያ የሚያደርገው ነገር አለ ማለት ነው።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ ግን ስለ ሳል የጻፈው ነው። ሰውየው ያስለዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ትኩሳት አለው፣ ግን አይጠማውም። ሆዱ አፍ አካባቢ ቀዝቃዛ ውኃ ተጠራቅሟል ይላል መጽሐፉ። ኤፌድራ የሚባል ተክል፣ ቀረፋ፣ ደረቅ ዝንጅብልና ሌሎችም ያሉበትን መረቅ ያዛል። ከዚያ በሽተኛው መድኃኒቱን ጠጥቶ ከጠማው ብርዱ ለቅቆታል፤ ሊድን ነው ይላል። ጥማት የመዳን ምልክት ሆነ! ስለ ትውከትም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሲያስመልሰው የቆየ ሰው መጠማት አለበት። ካልጠማው ሆዱ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ አለ ተብሎ ፒኔሊያ የሚባል ሥር ከእርጥብ ዝንጅብል ጋር ይሰጠዋል።

ሐሳቡ እንግዲህ ይኸው ነው። ሰውነት ውኃ የማይጠይቀው ወይ ውኃውን የሚያተን ሙቀት ስለሌለ ነው፤ ወይ ደግሞ ሞልቶ የተቀመጠ እርጥበት ስላለ ነው። ሦስተኛም ምክንያት አለ፤ እመለስበታለሁ። ልጅ የሚገድለው ያ ነው።

ነጩ ነብር

ሺጂያጁዋንግን ዝነኛ ያደረገው ማዘዣ ባይ ሁ ታንግ ይባላል፤ የነጭ ነብር መረቅ ማለት ነው። ይኸውም ከዣንግ ጆንግጂንግ የመጣ ነው። አራት ነገር ብቻ ነው ያለው። ጂፕሰም፣ ጅሙና ሊኮሪስ የሚባሉ ሥሮች፣ እንዲሁም ሩዝ። ጂፕሰም ጀሶ የሚሠራበት ድንጋይ ነው፤ አዎ፣ የግድግዳው ጀሶ። ተፈጭቶ ከሩዙ ጋር ይቀቀላል። ሩዙ ሲበስል መድኃኒቱ ደረሰ ማለት ነው። በጽንሰ ሐሳቡ ጂፕሰም በጣም ቀዝቃዛ ነው። ሺጂያጁዋንግ ላይ በከፍተኛ መጠን ነበር የሚሰጠው።

ነብሩ የሚታዘዝለት በሽተኛ በአራት ነገር ይታወቃል። ታላቅ ትኩሳት፣ ታላቅ ላብ፣ ታላቅ ጥማት፣ ትልቅ የደም ሥር ምት። ፊቱ ቀልቶ፣ ላቡ እየወረደ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አምጡልኝ የሚል ሰው ማለት ነው። ምላሱ ቢጫና ደረቅ ነው።

አሁን ወደ ዉ ጁቶንግ እንምጣ። ከ1758 እስከ 1836 የኖረ ሐኪም ነው። በትኩሳት ወረርሽኞች ላይ የጻፈው መጽሐፍ በዚህ ዘርፍ ከዋነኞቹ ይቆጠራል። ስለ ነጩ ነብር ሲጽፍ አራት ክልከላ አስቀመጠ። የደም ሥር ምቱ ላይ ላዩን ሆኖ የተወጠረና ቀጭን ከሆነ አትስጡ። ምቱ የሰመጠ ከሆነ አትስጡ። ካልጠማው አትስጡ። ካላላበው አትስጡ። ይህን ሁልጊዜ አስታውሱ፣ እንዳትሳሳቱ ብሎ ይጨርሳል።

ካልጠማው አትስጡ። ትኩሳቱ 40 ዲግሪ ቢሆንም አትስጡ። ለምን? ሙቀቱ በእርጥበት የተጠቀለለ ሊሆን ይችላላ! የቻይና ሐኪሞች የሙቀትና የእርጥበትን መቀላቀል ዱቄት ውስጥ ከገባ ዘይት ጋር ያመሳስሉታል። መለያየት ነው ችግሩ። እንዲህ ያለው ላይ ቀዝቃዛ ጂፕሰም ሲጨመርበት እርጥበቱ ይረጋል፤ ሙቀቱም መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀራል። የቤይጂንጉን ውድቀት ፑ ፉጆው ያነበቡት በዚህ ዓይን ነው።

ዉ ጁቶንግ የዚህን ሕመም መልክ አንድ በአንድ ጽፎታል። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሰውነት መክበድና መቆርጠም፣ ነጭ ምላስ፣ ጥማት የለም፣ ፊት ገርጣ ያለ ቢጫ፣ ደረት የታፈነ፣ ረኃብ የለም፣ ትኩሳቱ ከሰዓት በኋላ የሚብስ። ከዚያ ሦስት ስህተት ይጠቅሳል። ብርድ ብርድ ሲለው አይቶ የሚያልብ መድኃኒት የሚሰጥ አለ፤ በሽተኛው አእምሮው ይደነግዛል፣ ጆሮው ይደፈናል። ሆዱ ሲነፋ አይቶ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚሰጥ አለ፤ ተቅማጡ ማቆሚያ ያጣል። ከሰዓት በኋላ ሲያተኩሰው አይቶ ፈሳሽ ጎድሎታል ብሎ የሚያርስ መድኃኒት የሚሰጥም አለ፤ በሽታው ሥር ይሰዳል።

ሦስተኛው ስህተት ነው አለመጠማትን ዋጋ የሚሰጠው። ትኩሳቱ ፈሳሽ ያሟጠጠበት ሰውና በእርጥበት የታመመ ሰው ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ያተኩሳቸዋል። ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ግን አንደኛው አፉ ደርቆ ውኃ ይፈልጋል። ሌላው ብርጭቆውን ገፋ ያደርገዋል።

አይጠማቸውም፣ ግን አንድ አይደሉም

አሁን ወደ ሦስተኛው ምክንያት ልመለስ። እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እሺ፣ ካልጠማው እርጥበት ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ፑ ፉጆውን የሚያስደነግጥ ድምዳሜ ይሆን ነበር።

ያው ዉ ጁቶንግ በሌላ ቦታ እንዲህ ይላል። በሽተኛው በትኩሳት ላይ ነው። ምላሱ ደም መስሎ ቀልቷል፤ ደርቋልም። እንዲህ ያለው ሰው መጠማት ነበረበት። አልጠማውም። ይህ ማለት ሙቀቱ ከላይኛው ደረጃ አልፎ ወደ ደሙ አካባቢ ገብቷል ማለት ነው። የቻይና የትኩሳት ሐኪሞች በሽታ በአራት ደረጃ ወደ ውስጥ ይዘልቃል ይላሉ። ሁለተኛው ላይ ጥማቱ ይበረታል። ሦስተኛው ላይ ጥማቱ ይቀንሳል፤ መቃዠት ይመጣል፤ ቀጥሎ ራስን መሳት። ስለዚህ ትናንት ውኃ ውኃ ሲል ያደረ ልጅ ዛሬ ካልጠየቀ ቤተሰቡ «ተሻለው» ሊል ይችላል። ሐኪሙ ግን ምላሱን ማየት አለበት። ምላሱ ቀልቶ ከደረቀ አልተሻለውም። ገብቶበታል።

እንግዲህ ሦስት ልጅ አስቡ፤ ሦስቱም ውኃ አይፈልጉም። የአንዱ ምላስ በነጭ ዝልግልግ ነገር ተሸፍኗል፤ ሰውነቱ ከብዶታል። የሌላው ምላስ ቀይና ደረቅ ነው፤ ሌሊት ይቃዣል። የሦስተኛው ምላስ ገርጥቷል፤ ተቅማጥ አለው፤ እጅ እግሩ ቀዝቅዟል። ለመጀመሪያው እርጥበት የሚያወጣ፣ ለሁለተኛው ደሙን የሚያቀዘቅዝ፣ ለሦስተኛው የሚያሞቅ ይሰጣል። የአንዱን ለሌላው መስጠት በሕክምናው ሕግ ከባድ ስህተት ነው። አለመጠማት ብቻውን ምንም አይወስንም፤ ዝም ብሎ «ሌላውን ምልክት እይ» ይላል እንጂ።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ራሱን የሳተን ልጅ ጠማህ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል? አይቻልም። በዚህ ወረርሽኝ ደግሞ የከፋባቸው ልጆች ብዙዎቹ መልስ የሚሰጡ አልነበሩም። ከሌሎቹም ብዙዎቹ አፍ ያልፈቱ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ እናት ይዞራል። ራሱን ከመሳቱ በፊት ውኃ ይጠይቅ ነበር? ማንኪያ ወደ ከንፈሩ ሲቀርብ ይጠባል ወይስ ፊቱን ያዞራል? የቀረውን ምላስ ይናገራል። የቻይና ሐኪሞች በሕፃናት ሕክምና በዓይን ለሚታይ ምልክት ትልቅ ቦታ የሚሰጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ተሰጣቸው?

ፑ ፉጆው አንድ ማዘዣ በሌላ አልተኩም። እንዲያ ቢያደርጉ ያንኑ ስህተት መድገም ይሆን ነበር። ያሉት፣ እያንዳንዱ ልጅ ይታይ፤ እርጥበቱ የበረታበት በመዓዛማና እርጥበት በሚያወጡ መድኃኒቶች ይታከም ነው። በዚህ ረድፍ ከሚጠቀሱት ማዘዣዎች ዋናው የዉ ጁቶንግ ሳን ረን ታንግ ነው፤ የሦስቱ ፍሬዎች መረቅ።

ፍሬዎቹ መራራ የአፕሪኮት ፍሬ፣ ነጭ ሄልና ኮይክስ የሚባል እህል ናቸው። ነጭ ሄል የኮረሪማ ዘመድ ነው፤ ሽታው ስለ ሥራው ይናገራል። ሐሳቡ እርጥበቱን በሦስት በር ማስወጣት ነው። አፕሪኮቱ ላይኛውን፣ ማለትም ሳንባን ይከፍታል። ሄሉ መካከለኛውን፣ ሆድን ያነቃቃል። ኮይክሱ ታችኛውን በሽንት ያስወጣል። ፒኔሊያ፣ የማግኖሊያ ልጣጭ፣ ታልክ፣ የቀርከሃ ቅጠልና ሌላ ሽንት የሚያሸና ተክል ይጨመራሉ። እንደ ነጩ ነብር ሙቀቱን ፊት ለፊት የሚገጥም ነገር እምብዛም የለበትም። እርጥበቱ ከሄደ ሙቀቱ ብቻውን አይቆይም ነው እምነቱ።

መጽሐፉ ውኃውንም ያዝዛል። የሚቀቀልበት ውኃ ብዙ ጊዜ ከፍ እየተደረገ ተቀድቶ ሲፈስ የቆየ፣ አረፋ ያወጣ መሆን አለበት። እንዲህ የተንቀሳቀሰ ውኃ ቀለል ይላል፣ እርጥበት አይጨምርም ይባላል። በኬሚስት ዓይን ያው ውኃ ነው። ግን የሐሳቡን ጥብቅነት ያሳያል፤ ውኃ ለማይጠማው ሰው የመድኃኒቱ ውኃ እንኳ ይታሰብበታል። ስምንት ሳህን ውኃ ሦስት እስኪሆን ይቀቀላል። በቀን ሦስት ጊዜ አንዳንድ ሳህን ይጠጣል።

ፑ ፉጆው ለዚህ አዲስ አልነበሩም። በ1945 ቼንግዱ ላይ ብዙ ዝናብ ጥሎ መንገዶቹ በውኃ ተሞልተው ነበር። ከዚያ በኋላ ኩፍኝ ገባ። ሽፍታው አልወጣ አለ፤ የተለመዱት ሽፍታ የሚያወጡ መድኃኒቶችም አልሠሩም። ያኔም ፑ እርጥበት ማውጣት ላይ ነው ያተኮሩት። በ1956 አዲስ ነገር ፈጠሩ ከማለት አሥር ዓመት ይዘው የቆዩትን አወጡ ማለት ይቀላል።

ማዘዣው ከተቀየረ በኋላ ሕሙማኑ ተሻላቸው፤ ሞት ቀነሰ ይላል ታሪኩ።

እዚህ ላይ ቆም

ታሪኩ ያምራል። ለዚህም ነው መጠርጠር ያለበት።

መጀመሪያ፣ ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረም። አዲሱን ማዘዣ ያገኙ ልጆች ካላገኙት ጋር በወጉ አልተወዳደሩም። ይህ በሽታ ደግሞ ከጠናባቸውም ከመቶ 70 ወይም 80 የሚሆኑት በሕይወት የሚተርፉበት ነው። ስለዚህ ከዘጠና በመቶ በላይ ዳኑ ሲባል የመድኃኒቱ ድርሻ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይታወቅም። ወረርሽኝ ደግሞ ወቅቱ ሲያልፍ ራሱ ይበርዳል። በመካከሉ ማዘዣ የቀየረ ሰው ምስጋናውን ይወስዳል። ይህን ለማለት የፑን ሊቅነት መካድ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ጊዜው የፖለቲካ ጊዜ ነበር። በ1955 ሄ ቼንግና ዋንግ ቢን የተባሉ ሁለት የጤና ሚኒስቴር ባለሥልጣናት ባህላዊ ሕክምናን አንኳሰሱ ተብለው በአደባባይ ተወቅሰዋል። በዚያው ዓመት አካዳሚው ተከፈተ። እንዲህ ባለ ወቅት የባህል ሕክምና ወረርሽኝ አሸነፈ የሚል ዜና በጣም የሚፈለግ ዜና ነው። አልሠራም የሚለውስ? ማን ደፍሮ ይጽፈዋል።

ንጽጽሩን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። በዚያው አካዳሚ በዚያው በ1955 ቱ ዮዮ የምትባል ወጣት የፋርማሲ ባለሙያ ሥራ ጀመረች። በኋላ አርቴሚሲኒንን ከአንድ ተክል አውጥታ በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው እሷ ናት። እኛ ሀገር ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም የዚያ ሥራ ልጅ ነው። መነሻዋ ጥንታዊ መጽሐፍ ነበር። ግን እዚያ አልቆመችም፤ ንጥረ ነገሩ ተለየ፣ በእንስሳ ተሞከረ፣ በሰው ተሞከረ። በ1956 ለኢንሴፋላይተስ የተሰጡት መረቆች በዚህ ወንፊት አላለፉም። በሽታውን የረታው ሌላ ነገር ነው። ቻይና ውስጥ የተሠራው ኤስኤ 14-14-2 የተባለው ክትባት በ1988 ፈቃድ አገኘ። በ2013 የዓለም ጤና ድርጅትም ተቀበለው።

ታዲያ የጥማቱ ጥያቄ ከንቱ ነበር? አይመስለኝም። ጥማትን የሚቆጣጠረው አንጎል ነው። ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍሉ አካባቢ ያሉ ሕዋሳት የደምን ጨዋማነት ይለካሉ። ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ እንኳ ከፍ ሲል ጥማት ይቀሰቀሳል። የአንጎል ኢንፌክሽን ይህን ሥርዓት ሊያዛባ ይችላል። አንዳንድ ሕሙማን ላይ ውኃ የሚያስቀረው ሆርሞን ከመጠን በላይ ይመነጫል። ሽንት ይቀንሳል፣ ደም ይቀጥናል፣ ሶዲየም ይወርዳል። ሶዲየሙ በጣም ከወረደ ደግሞ ማቅለሽለሽ፣ መደንገዝና ማንቀጥቀጥ ይመጣል። ሌሎች ላይ ደግሞ የተጎዳው ራሱ የጥማት ማዕከሉ ይሆናል። ውኃ እየጎደለ ሰውየው አይጠማውም። ይህ የቻይናን «እርጥበት» አያረጋግጥም፤ ሁለቱ አንድ ናቸው የሚል ካለ ቸኩሏል። ግን «ትኩሳት ላይ ሆኖ ለምን አይጠማውም?» ብሎ መጠየቅ በሁለቱም ቤት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሚለያዩት መልሱ ላይ ነው። የዛሬ ሐኪም መልሱን በደም ምርመራ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ይህን ያነበበ ሰው ቤቱ ያሉትን አዛውንት ወይም ሕፃን አይቶ «አልጠማውም፣ ስለዚህ እርጥበት አለበት፣ ውኃ አልስጠው» እንዳይል። በ1984 የታተመ አንድ ጥናት ከ67 እስከ 75 ዓመት የሆናቸውን ጤነኛ ወንዶች ከወጣቶች ጋር አወዳድሮ ነበር። ሁሉም 24 ሰዓት ውኃ ተከለከሉ። ሽማግሌዎቹ ከወጣቶቹ ያነሰ ጠማቸው፤ ውኃ ሲፈቀድም ያነሰ ጠጡ። ሰውነታቸው ግን ውኃ አጥቷል። ተቅማጥ የያዘው ልጅም እንዲሁ ነው። ይጠማውም አይጠማውም ኦአርኤስ መጠጣት አለበት። የሚያንቀጠቅጠው ወይም የሚደነግዝ ልጅ ደግሞ ሆስፒታል ነው የሚወሰደው። መረቁንም እቤት መሞከር አያዋጣም፤ ፒኔሊያ ጥሬውን መርዝ ነው።

ፑ ፉጆው በ1975 አረፉ። የ1956ቱ ጉዳይ ግን ከቻይና ሕክምና ትምህርት ቤት አልወጣም። በ2020 መጀመሪያ ኮቪድ ዉሃንን ሲመታ ከተማዋ በዝናብና በጭጋግ ውስጥ ነበረች። ከአካዳሚው የሄዱት ቶንግ ሺያዎሊን ሕሙማኑን አይተው በሽታውን የብርድና የእርጥበት ወረርሽኝ አሉት። ሌሎች ሐኪሞች ብርድ ሳይሆን የእርጥበት መርዝ ነው ብለው ተከራከሩ። በዚያን ጊዜ በወጣው ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ የባህል ሕክምናው ክፍል ላይ፣ እርጥበትና ሙቀት ሳንባን ሲይዙ ከሚታዩት ምልክቶች መካከል አንዱ እንዲህ ተዘርዝሯል፤ አፍ ይደርቃል፣ ግን ብዙ መጠጣት አይፈልግም።